ከጎጃም ሆኖ ጠፈርን በሬዲዮ ማዳመጥ፦ ከአሮጌ ዲሽ እስከ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

ክረምት ሲገባ የጎጃም ሰማይ ለኮከብ ተመልካች ይዘጋል። ቴሌስኮፕ ያለው ሰው ሸፍኖ ያስቀምጥና መስከረምን ይጠብቃል። ለሬዲዮ አድማጭ ግን ዋናው ወቅት ይሄ ነው። 21 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የሬዲዮ ሞገድ ደመናውንም ዝናቡንም አልፎ ይመጣል። የጋላክሲያችን እምብርት ያለበት የሰማይ ክፍል፣ ደብተራዎች ቀውስ የሚሉት ኮከብ ያለበት ማለት ነው፣ በደቡብ በኩል ከፍ ብሎ የሚያመሸውም በክረምት ነው።

እዚህ ላይ ጎጃም ትልቅ ዕድል አለው። የምንኖረው ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ10 እና በ12 ዲግሪ መካከል ነው። ስለዚህ የፍኖተ ሐሊብ፣ ማለትም የጋላክሲያችን፣ እምብርት ከአድማሳችን 50 ዲግሪ ገደማ ከፍ ይላል። አሜሪካ ግሪን ባንክ ላይ ያለው ትልቁ ቴሌስኮፕ ይህንኑ ቦታ የሚያየው 22 ዲግሪ ገደማ ላይ፣ ከተራራው ትንሽ ከፍ ብሎ ነው።

ይህ መመሪያ ሁለት ክፍል አለው። መጀመሪያ በአሮጌ ዲሽ የሃይድሮጅንን ድምፅ መያዝ፣ ቀጥሎ የማታውቁት ምልክት ስክሪናችሁ ላይ ሲወጣ ማጣራት። ከሁለቱ የሚከብደው ማጣራቱ ነው፣ የሚጣፍጠውም እሱ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ለምን 1420?

በ1959 ጁሴፔ ኮኮኒና ፊሊፕ ሞሪሰን የሚባሉ ሁለት የፊዚክስ ሊቃውንት አንድ ሐሳብ አቀረቡ። ሌላ ዓለም ላይ አዋቂ ፍጥረት ካለና ሊያናግረን ከፈለገ፣ ሁሉም በሚያውቀው ፍሪኩዌንሲ ላይ ይጠራናል አሉ። በጠፈር ከሁሉም የበዛው ሃይድሮጅን ነው። ሃይድሮጅን ደግሞ በተፈጥሮው 1420.4 ሜጋ ኸርዝ ላይ ይሰማል፤ መግቢያው ላይ 21 ሳንቲ ሜትር ያልነው ሞገድ ይሄው ነው። በማግስቱ ዓመት ፍራንክ ድሬክ ግሪን ባንክ ላይ በ26 ሜትር ዲሽ ሁለት ኮከቦችን አዳመጠ፤ ታው ሴቲንና ኤፕሲሎን ኤሪዳኒን። ምንም አልሰማም። ፍለጋው ግን እስከ ዛሬ አልቆመም።

ለእኛ የሚጠቅመን ሌላ ነገርም አለ። ከ1400 እስከ 1427 ሜጋ ኸርዝ ያለው መስመር በዓለም አቀፍ ሕግ የተከለለ ነው። ማንም እዚያ ላይ ማሰራጨት አይፈቀድለትም። ስልኩም ቴሌቪዥኑም ሌላ ቦታ ነው የሚንጫጫው።

ብር ከማውጣታችሁ በፊት

በስልካችሁ ጀምሩ። ኔዘርላንድ ያለው የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ ማንም ሰው በኢንተርኔት ገብቶ የሚያዞረው ሬዲዮ አለው፤ ከ0 እስከ 29 ሜጋ ኸርዝ ይሰማል። ስክሪኑ ላይ በቀለም የሚንሸራተት ሥዕል ታያላችሁ። አግድሙ ፍሪኩዌንሲ ነው፣ ቁልቁሉ ጊዜ። የዜና ጣቢያ አንድ መልክ አለው፣ የሞርስ ምልክት ሌላ፣ የተበላሸ ቻርጀር ደግሞ ሌላ። ለጥቂት ቀናት ይህን ብቻ እዩ። ዓይን ሳይለምድ ዲሽ መትከል ትርፉ ድካም ነው።

ዕቃው

ዲሽ ከየትም አይጠፋም። በባሕር ዳርም፣ በደብረ ማርቆስም፣ በፍኖተ ሰላምም የድሮ ትልልቅ ወንፊት ዲሾች ጣሪያ ላይ ሥራ ፈተው ቆመዋል። ባለቤቱን ብትጠይቁት «ውሰዱልኝ» ሊላችሁ ሁሉ ይችላል። 1.8 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ፈልጉ። ወንፊት መሆኑ አያሳስባችሁ፤ ቀዳዳዎቹ ከ21 ሳንቲ ሜትር በጣም ስለሚያንሱ ለሞገዱ ልክ እንደ ሙሉ ብረት ናቸው። ቤታችሁ ያለው 90 ሳንቲ ሜትር ዲሽም ይሠራል፤ ግን የሚያየው የሰማይ ክፍል 16 ዲግሪ ገደማ ይሰፋል፣ ምልክቱም ይደክማል። 1.8 ሜትሩ 8 ዲግሪ ገደማ ያያል።

አሮጌ ዲሽን ለዚህ ሥራ ማዋል የድሃ ብልሃት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጋና ኩንቱንሴ ላይ የነበረውን የቴሌኮም 32 ሜትር ዲሽ አድሳ በ2017 የሬዲዮ ቴሌስኮፕ አድርጋዋለች። የእኛ እንጦጦ ያሉት ሁለቱ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች የብርሃን ናቸው፤ በሬዲዮ በኩል ገና ሜዳው ባዶ ነው።

ከዲሹ ፊት የተሰቀለውን ትንሽ ዕቃ፣ ኤል ኤን ቢ የሚባለውን፣ አውልቁት። የተሠራው ለቴሌቪዥን ሳተላይት ስለሆነ 1420ን አይሰማም። በእሱ ቦታ የሚገባው ክብ የቆርቆሮ ጣሳ ነው፤ ስፋቱ 15 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ አንዱ ጫፍ የተደፈነ፣ ሌላው ክፍት። ከተደፈነው ጫፍ 9 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ቀዳዳ ይበሳና የገመድ ማገናኛ ይታሰራል። ከማገናኛው ወደ ጣሳው ውስጥ 5 ሳንቲ ሜትር የመዳብ ሽቦ ቀጥ ብሎ ይገባል። አንቴናችሁ ያቺ ሽቦ ናት። ማንኛውም ብየዳ ቤት ይሠራላችኋል፤ ብቻ ልኩን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ስጡ፣ «በግምት» የሚባል ነገር እንዳትቀበሉ። የጣሳው ክፍት አፍ ወደ ዲሹ ዞሮ ኤል ኤን ቢው በነበረበት ርቀት ላይ ይታሰር።

የቀረው ከውጭ የሚመጣ ነው። አንደኛው አርቲኤል ኤስዲአር የሚባለው፣ ፍላሽ የሚያክል፣ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ መቀበያ ነው፤ ከ30 እስከ 40 ዶላር ይሸጣል። ሁለተኛው በተለይ ለ1420 የተሠራ ማጉያ ነው፣ ማጣሪያው አብሮ ያለበት። ኑኤሌክ የሚያመርተው ሳውበርድ ኤች 1 የሚባለው በአማተሮች ዘንድ የተለመደ ነው። ሁለቱም መቀበያ እንጂ ማሰራጫ አይደሉም። ቢሆንም የሬዲዮ ዕቃ ስለሆኑ ጉምሩክ ላይ ጥያቄ ሊያስነሱ ይችላሉ። ከማዘዛችሁ በፊት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ጠይቁ። በሰው ሻንጣ አስመጥቶ በኋላ ከመከራከር ይሻላል።

ስትገጥሙ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ ጣሳ፣ ማጉያ፣ ረጅም ገመድ፣ መቀበያ፣ ላፕቶፕ። ማጉያው ጣሳው ሥር ይሁን እንጂ ላፕቶፑ ጋ እንዳይሆን። ገመድ ምልክቱን እየበላ ስለሚሄድ፣ ከተበላ በኋላ ማጉላት ጫጫታውንም አብሮ ማጉላት ነው። ማጉያው ኃይል የሚያገኘው በዚያው ገመድ ከመቀበያው ነው፤ ሶፍትዌሩ ላይ «ባያስ ቲ» የምትለዋን ማብራት አትርሱ።

የት ይተከል?

የብዙ ሰው ምኞት ጮቄ ላይ መውጣት ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ፣ ንጹሕ አየር፣ ሰው የለም። እኔ ግን አልመክርም። ለ1420 ከፍታው ይህን ያህል አይጠቅምም። ከፍ ያለ ቦታ የቴሌኮም ማማዎችን ሁሉ በቀጥታ ያሳያችኋል። ደግሞም በዚህ ጊዜ ጨለማ ውስጥ አንቴናና ላፕቶፕ ይዞ ተራራ ላይ የተገኘ ሰው «ከዋክብት እያዳመጥኩ ነው» ብሎ ማስረዳት ይከብደዋል። የራሳችሁ ግቢ ወይም የትምህርት ቤት ጓሮ ይበቃል። ጎረቤትና ቀበሌ አስቀድመው ይወቁ። ዲሹን ቀን በሰው ፊት ትከሉት፤ ሕፃናቱም መጥተው ይዩ።

ቦታው ደቡቡ የተከፈተ ይሁን። ጎድጎድ ያለ መሬት ጥሩ ነው፣ ዙሪያው ያለው ኮረብታ የማማዎቹን ጫጫታ ይከልላል። ከኤልኢዲ አምፖል፣ ከሶላር መቆጣጠሪያና ከርካሽ ቻርጀር ራቁ። ላፕቶፑን በባትሪ አሠሩት። እዚህ ላይ አንድ የኛ አገር ጸጋ አለ፤ መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ሁሉ ጸጥ ይላል። ሌላው ሲያማርር እናንተ ወደ ዲሹ ሩጡ።

መብረቅ ግን ቀልድ አይደለም። የጎጃም ደጋ በክረምት ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ደመናው ሲከብድ፣ ነጎድጓድ ሳይሰማ በፊት ገመዱን ነቅላችሁ ከቤት ውጭ ተዉት፣ እናንተም ከዲሹ ራቁ። ማጉያውን ከዝናብ በፕላስቲክ ዕቃ ሸፍኑት፤ ብረት ነክ መሸፈኛ ጣሳው አፍ ላይ እንዳይደርስ።

የመጀመሪያው ምሽት

ሶፍትዌሩ ኤስዲአር ሻርፕ ይሁን፣ «አይኤፍ አቬሬጅ» የሚባለው ተጨማሪ አብሮት ይጫን። መሃሉን 1420.0 ላይ አድርጉ እንጂ 1420.4 ላይ አታድርጉ። መቀበያው ራሱ መሃል ላይ የውሸት እሾህ ስለሚያወጣ የምትፈልጉትን ይሸፍንባችኋል። ስፋቱ 2.4 ሜጋ ኸርዝ ይሁን። አውቶማቲክ የድምፅ ማስተካከያውን አጥፉና በእጅ አንድ ቦታ ላይ አስሩት፤ ራሱን የሚቀያይር ሚዛን ምንም አይመዝንም።

መጀመሪያ ዲሹን ወደ ሰማይ፣ ቀጥሎ ወደ መሬት አዙሩት። ወደ መሬት ሲዞር የጫጫታው ወለል፣ ስክሪኑ ላይ ያለው የታችኛው መስመር፣ ከፍ ማለት አለበት፤ ሞቃት ነገር ሁሉ በሬዲዮ ይንጫጫል፣ መሬትም ሰውም። ዲሹ ከባድ ከሆነ እጃችሁን ጣሳው አፍ ላይ አድርጉ። ምንም ለውጥ ከሌለ ማጉያው ኃይል አላገኘም ወይም ሽቦዋ አልተገናኘችም። ይህን ሳታስተካክሉ ወደፊት አትሂዱ።

አቅጣጫ ለማስተካከል ፀሐይን ተጠቀሙ። ጣሳው መሃል ላይ የተሰቀለበት ዲሽ ከሆነ፣ የጣሳው ጥላ ዲሹ እምብርት ላይ ሲያርፍ በትክክል ወደ ፀሐይ ዞሯል ማለት ነው። ወለሉም ትንሽ ከፍ ሲል ታያላችሁ። የዲሹ ፊት የሚያንጸባርቅ ብረት ከሆነ ግን ቶሎ አዙሩት፣ ጣሳው ላይ ሙቀት ይሰበስባል።

አሁን ወደ ሰማዩ። ስቴላሪየም የሚባለውን መተግበሪያ ስልካችሁ ላይ ጫኑ። የጋላክሲው እምብርት በሰኔ አጋማሽ ከሌሊቱ 6 ሰዓት አለፍ ሲል፣ በሐምሌ አጋማሽ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከሩብ ገደማ፣ በነሐሴ አጋማሽ 2 ሰዓት ከሩብ ገደማ ላይ በደቡብ ከፍተኛ ቦታው ላይ ይደርሳል። መጀመሪያ ግን ዲሹን ከፍኖተ ሐሊብ ርቆ ባዶ ወደሚመስል ሰማይ አዙራችሁ 10 ደቂቃ ያህል መዝግቡ። ይህ መነሻችሁ ነው። ከዚያ ፍኖተ ሐሊብ ላይ አዙራችሁ ያንኑ ያህል መዝግቡና መነሻውን ቀንሱ።

ወዲያው አይታይም። ጤፍ ስታነፍሱ በአንድ ውርወራ እብቁ እንደማይለቅ ሁሉ፣ ጫጫታውም የሚቀለው በድግግሞሽ ነው። ጊዜውን አራት እጥፍ ብታደርጉት ጫጫታው በግማሽ ይቀንሳል። ደቂቃዎች ካለፉ በኋላ 1420.4 አካባቢ ጉብታ ብቅ ይላል። እሱ ሃይድሮጅን ነው። ከ1,000 ዓመታት በፊትና ከዚያም በላይ ጉዞ የጀመረ ሞገድ አለበት።

ጉብታው ከ1420.406 ወደ ላይ ከሸሸ ጋዙ ወደ እኛ እየመጣ ነው፣ ወደ ታች ከሸሸ እየራቀ። በሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ፍጥነት 4.7 ኪሎ ኸርዝ ገደማ ያንሸራትተዋል። መሬት ራሷ በፀሐይ ዙሪያ በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለምትሮጥ፣ ያው ቦታ በሐምሌና በጥቅምት አንድ ዓይነት ቁጥር አይሰጣችሁም። የተለያዩ የፍኖተ ሐሊብ ቦታዎችን ለክታችሁ ብትደረድሩ የጋላክሲውን ዙረት በገዛ እጃችሁ አገኛችሁት ማለት ነው።

ያልታወቀ ምልክት ሲመጣ

አንድ ማታ ከጉብታው ውጭ ቀጭን መስመር ቀጥ ብላ ትቆማለች። ልብ ይመታል። የሃይድሮጅን ጉብታ በመቶ ሺህ ኸርዝ የሚቆጠር ስፋት አለው፣ ቀጭን መስመር ግን የመሣሪያ ጠባይ ነው፤ ሊቃውንቱም የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። ጥያቄው የማን መሣሪያ ነው የሚለው ነው።

ከራሳችሁ ጀምሩ። ገመዱን ከማጉያው ንቀሉት። መስመሯ ካለች ችግሩ መቀበያው ወይም ላፕቶፑ ውስጥ ነው። ከጠፋች መልሱና የቤቱን ዕቃ አንድ በአንድ አጥፉ፤ ቻርጀር፣ አምፖል፣ ፍሪጅ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ። አውስትራሊያ ፓርክስ ላይ ያለው ትልቅ ቴሌስኮፕ ከ1998 ጀምሮ ከጠፈር የመጡ የሚመስሉ እንግዳ ፍንጣቂዎችን ሲይዝ ኖሯል። ፔሪቶን ተባሉ። በ2015 ምንጫቸው ተገኘ፤ እዚያው ግቢ ያለ ማይክሮዌቭ ነበር። ምግቡ እስኪሞቅ ያልታገሠ ሰው በሩን ሲከፍተው ፍንጣቂው ያመልጥ ነበር። እነዚያ ሰዎች ከእናንተ የተሻለ መሣሪያ ነበራቸው።

ቀጥሎ ዲሹን አዙሩ። ብሬክስሩ ሊስን የሚባለው ትልቅ ፍለጋ 5 ደቂቃ ኮከቡን፣ 5 ደቂቃ ሌላ ቦታ እያለ ሦስት ጊዜ ይደጋግማል። ከኮከቡ ሲዞር የማይጠፋ ምልክት ከምድር ነው። ይህ ፈተና ብቻውን ግን አይበቃም። በ2019 ፓርክስ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ ወደሚባለው ኮከብ ዞሮ ሳለ 982 ሜጋ ኸርዝ ላይ ቀጭን ምልክት ያዘ፤ ሲዞር ይጠፋ ነበር። ዓለም ሁሉ ተነጋገረበት። በ2021 የወጣው ምርመራ በተመሳሳይ ልዩነት የተደረደሩ ሌሎች መሰል ምልክቶችን አገኘ፤ አንዳንዶቹ ቴሌስኮፑ ሌላ ቦታ ሲያይ የታዩ ናቸው። ስለዚህ የሰው መሣሪያ ጫጫታ ነው ተባለ። እናንተም መስመር ስታዩ ግራና ቀኝ ወንድሞቿን ፈልጉ። እኩል እየተራራቁ የተሰለፉ መስመሮች ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ናቸው።

ሦስተኛው ፈተና ከሁሉም የምወደው ነው፣ ዶላር አይጠይቅም። ከዋክብት በየቀኑ 4 ደቂቃ ገደማ ቀድመው ይወጣሉ። ዛሬ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ የመጣ ምልክት ከሰማይ ከሆነ ነገ 2 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ላይ፣ ከወር በኋላ ደግሞ 1 ሰዓት ገደማ ላይ መምጣት አለበት። የሰው ነገር ግን በሰዓት ነው የሚሄደው። ወፍጮ ቤቱ፣ ብየዳ ቤቱ፣ የጎረቤት ፓምፕ 3 ሰዓት ካሉ 3 ሰዓት ነው። ስለዚህ ዲሹን ሳትነኩ አንድ ቦታ ላይ አስራችሁ ለሳምንት መዝግቡ።

ጆስሊን ቤል በ1967 ካምብሪጅ ውስጥ ተማሪ ሳለች ወረቀት ላይ ትንሽ ጭረት አየች። በ1.33 ሰከንድ ልዩነት የሚመታ ነገር ነው። በቀልድ «ትንንሽ አረንጓዴ ሰዎች» ብለው ሰየሙት። ነገርየው ግን የከዋክብትን ሰዓት ይከተል ነበር፤ ስለዚህ ከሰማይ ነው። ቀጥሎ ሌላ ሰማይ ላይ ሁለተኛ ሲገኝ፣ ሁለት የተለያዩ ሕዝቦች በአንድ ጊዜ እኛን አይጠሩም ተባለና የተፈጥሮ መሆኑ ታወቀ። ፑልሳር የሚባለው የኮከብ ዓይነት ነው። በ1974 ኖቤሉ የተሰጠው ለአለቃዋ ነው፤ እኔ እስካሁን ይቆጨኛል።

አራተኛ፣ የመውጣቱንና የመውረዱን ቅርጽ እዩ። ዲሻችሁ ቆሞ መሬት ስትዞር፣ የሰማይ ምንጭ ቀስ ብሎ ይገባል፣ ይደምቃል፣ ይወጣል። በ1.8 ሜትር ዲሽ ይህ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በድንገት በርቶ በድንገት የሚጠፋ ነገር ማብሪያ ማጥፊያ አለው። በሰከንዶች ወይም በጥቂት ደቂቃዎች የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ ሳተላይት ወይም አውሮፕላን ነው። ኦገስት 15 ቀን 1977 ኦሃዮ ላይ ቢግ ኢር የተባለው ቴሌስኮፕ የያዘው ዝነኛ ምልክት እስከ ዛሬ የሚያከራክረው በዚሁ ነው። 72 ሰከንድ ቆየ፤ በዚያ ቴሌስኮፕ ላይ የሰማይ ምንጭ የሚቆየው ልክ ይህን ያህል ነው። ቅርጹም ልክ ነበር፣ ፍሪኩዌንሲውም 1420 አካባቢ። ጄሪ ኢህማን ወረቀቱ ጠርዝ ላይ «ዋው!» ብሎ ጻፈበት። የመጣው ከቀውስ አቅጣጫ ነው፤ ከእኛ ግቢ በክረምት ማታ በደንብ የሚታይ ቦታ። ብዙ ጊዜ ተፈለገ፣ ተመልሶ አልመጣም። ያልተደገመ ምልክት ማስረጃ አይሆንም፤ እናንተም ዲሹን እዚያ ላይ ብታስሩት ማንም አይከለክላችሁም።

መዝገቡ

ሰዓት ላይ ብዙ ሰው ይሳከራል። ሶፍትዌሩና ዓለም ሁሉ የሚጠቀመው የግሪንዊችን ሰዓት ነው። በእኛ አቆጣጠር ላይ ለቀኑ 3፣ ለማታውና ለሌሊቱ 15 ጨምሩ፤ 24 ከሞላ 24 ቀንሱ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት 06:00 ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት 18:00 ነው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት 22:00 ይሆናል፣ ያውም በፈረንጆቹ ያለፈው ቀን። ለእያንዳንዱ ፋይል ሰዓቱን፣ ዲሹ ያየበትን አቅጣጫና ከፍታ፣ የማጉያውን ልክ፣ መብራት መኖር አለመኖሩን፣ ዝናቡን ጻፉ። የገበያ ቀንም ጻፉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ የሚመጣ ምልክት ምን እንደሆነ ያኔ ይገባችኋል።

ሁሉንም ፈተና ያለፈ ነገር ካገኛችሁ ፌስቡክ ላይ ከመለጠፋችሁ በፊት ሁለተኛ ጆሮ ፈልጉ። ባሕር ዳር ያለ ሰው ደብረ ማርቆስ ካለ ጓደኛው ጋር ቢጣመር በመካከላቸው ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የአየር ርቀት አለ፤ የአንዱ ሰፈር ቻርጀር ለሌላው አይሰማም። ፍሪኩዌንሲውን፣ አቅጣጫውንና ሰዓቱን ብቻ ንገሩት እንጂ ሥዕሉን አትላኩለት፤ ያያችሁትን ካየ ራሱን ያሳምናል። እሱም በራሱ ዲሽ ከያዘው፣ ጥሬውን ፋይል ሳትነኩት አስቀምጡና ለባለሙያዎች ላኩ። ከ1989 ጀምሮ ሊቃውንቱ የተስማሙበት ደንብም ይህንኑ ይላል፤ መጀመሪያ በሌላ ሰው ይረጋገጥ፣ ከዚያ ይነገር፣ ምክክር ሳይደረግ መልስ አይላክ።